ፍሬሽ ተማሪን ማስረዳት ትቼ ማስወራት ስጀምር

ያደግኩት ሸዋሮቢት ነው። ቆላ ነው፤ ማታ እንኳ ሹራብ አያስለብስም። በ2010 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ስመጣ የያዝኩት አንድ ስስ ጃኬትና አንድ አንሶላ ነበር። መኪናው ከደብረ ሲና ዳገቱን ወጥቶ የጣርማ በርን ዋሻ ሲያልፍ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ይህን በጂኦግራፊ ተምሬዋለሁ። ሌሊት ጥርሴ ሲንገጫገጭ ግን የተማርኩት ምንም አልጠቀመኝም። ከመንዝ የመጣች የዶርሜ ልጅ ዝም ብላ ተነሳችና ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ባናዋን ይዛ አልጋዬ ላይ መጣች። ራስና እግር ሆነን አንድ ላይ አደርን።

ፍሬሽ (አዲስ ገቢ) ተማሪ ስለ መርዳት ሳስብ ዛሬም ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ ባና ነው።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ አዲስ ተማሪ ለምትቀበሉ ሲኒየሮች ነው። ፍሬሾችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። እኔ አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪ እያለሁ የጀመርኩትን የፍሬሽ ድጋፍ ግን አልተውኩም፤ በጎ ፈቃደኛ ሲኒየሮች በየዓመቱ ሲሰባሰቡ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ብዙ ተሳስቻለሁ። ስህተቴን ብትሰሙ ከኔ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ ብዬ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ያኔ የፍሬሽማን ፕሮግራም የለም፤ ቀጥታ ዲፓርትመንት ነው የምንገባው። እኔ ሒሳብ ደረሰኝ። ከክፍሌ አንደኛ ሆኜ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያው የካልኩለስ ሚድ (የአጋማሽ ፈተና) ከ30 ታረመ፣ 8 አመጣሁ። ወረቀቱን አጣጥፌ ጫማዬ ሥር ከተትኩት። ለሁለት ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም። ያላወቅኩት ነገር ቢኖር በዚያ ክፍል የተቀመጥነው ሁላችንም አንደኛ ሆነን የመጣን መሆናችንን ነው። ሁላችንም ወረቀታችንን ደብቀን ነበር።

አንድ ሲኒየር አዘነልኝና ማታ ማታ ያስረዳኝ ጀመር። ጎበዝ ነው። ሲያስረዳ እንደ ውኃ ይፈሳል። እኔም «ገባኝ፣ ገባኝ» እላለሁ፤ እውነትም የገባኝ ይመስለኛል። ዶርም ገብቼ ደብተሬን ስገልጥ ግን ባዶ ነኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እንደ ምንም ቸክዬ ኮርሱን አለፍኩ። ያ ሲኒየር ውለታው አለብኝ። ግን አረዳዱ ላይ የጎደለ ነገር እንደነበር የተረዳሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እኔ በተራዬ አስረጂ ስሆን ነው።

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ኮርስ ተመለሰ። አዲስ ገቢ ተማሪ ዲፓርትመንት ከመምረጡ በፊት በተፈጥሮ ሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ ተከፍሎ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሌሎችም የጋራ ኮርሶች ይወስዳል። እኔ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ፣ ጂሲ (ተመራቂ)። ተቀባይ ሆኜ ተመዘገብኩ። ያ ዓመት በየዩኒቨርሲቲው ግጭትና ስጋት የነበረበት ጊዜ ነው። ወላጅ ልጁን ለብቻው መላክ ፈርቶ እስከ በሩ ይሸኝ ነበር።

አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ የበሶ ከረጢት ታቅፋለች፤ ቀና አትልም። ሰውዬው ሻንጣዋን አስረከቡኝና እጄን ያዙኝ።

«አደራሽን ልጄ። ከቤት ወጥታ አታውቅም። ሰው ቶሎ አትለምድም።»

«አይዞዎት አባቴ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው።

አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። አደራ ትልቅ ቃል ነው፤ ያኔ እንኳ ክብደቱ አልተሰማኝም።

የመጀመሪያ ሳምንት አቀባበላችን እንዲህ ነበር። ፍሬሾቹን አንድ ቦታ ሰብስበን ለሁለት ሰዓት አወራንላቸው። ስለ ረጂስትራር፣ ስለ ግሬድ፣ ስለ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት)፣ ስለ ኤድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መተው)፣ ስለ ዲስሚሳል (በውጤት መባረር)፣ ስለ ግቢ ሕግ። ሲያልቅ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ሽንት ቤት በየት በኩል ነው?» አለ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ያንኑ ለመጠየቅ ተቸግሮ የቆየ ይመስለኛል። እኛ ለማውራት የፈለግነውን አወራን፤ እነሱ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ነበር።

ከዚያ በኋላ አቀባበሉን በታተንነው። በመጀመሪያው ቀን የሚነገር ነገር ትንሽ ነው። የት ትተኛለህ፣ የት ትበላለህ፣ ውኃ የት አለ፣ ብትታመም ክሊኒኩ የት ነው፣ ሌሊት ችግር ቢመጣ ፕሮክተሩ (የዶርም ኃላፊው) የት ይገኛል። በቃ። ይህንንም በአፍ መንገር ሳይሆን በእግር ይዞ መዞር ነው፤ አምስት አምስት እየሆኑ። ስለ ኮርስና ስለ ሰዓት ፕሮግራም በሦስተኛው ቀን። ስለ ውጤት አሠራር ደግሞ ክፍል ከተጀመረ ከሳምንት በኋላ፣ የመጀመሪያው አሳይመንት እጃቸው ሲገባ። ያኔ ጆሯቸው ይከፈታል። ብርድ ግን ቀን አይሰጠውም። ከጋምቤላ ወይም ከአርባ ምንጭ የመጣ ልጅ በጥቅምት ውርጭ በቲሸርት ሲቆም ስለ ጂፒኤ ብትነግሩት አይሰማችሁም።

አሁን ወደ ጥናቱ። ሰባት ፍሬሾች ይዤ የሒሳብ ቡድን ጀመርኩ። የመሐል ሜዳዋ ልጅ አለችበት። ከአርባ ምንጭ የመጣ ልጅ አለ። አማርኛ እምብዛም የማትችል ከሶማሌ ክልል የመጣች ልጅ አለች። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ባዶ ክፍል ፈልገን እንገባለን። እኔ ጠመኔ ይዤ እቆማለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳለሁ። «ገባችሁ?» እላለሁ። «አዎ» ይላሉ። ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ።

የመጀመሪያው ሚድ ወጣ። ከሰባቱ አምስቱ ከግማሽ በታች።

የመሐል ሜዳዋ ልጅ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልኩ። ሁለተኛም ሳምንት አልመጣችም። የዶርሟ ልጅ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ክፍልም አትገባም እኮ፤ ተሸፋፍና ነው የምትውለው» ስትለኝ ነው የደነገጥኩት። አባትየው እጄን የያዙበት ትዝ አለኝ።

ሄድኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ውጤት አላነሳሁባትም። የኔን የ8 ወረቀት ታሪክ ነገርኳት። ጫማ ሥር መክተቴን ስነግራት ትራሷን አነሳች፤ የሷም እዚያ ነበር። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ያለችኝ ነገር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። «አንቺ ስታስረጂ ይገባኛል። አንቺ ስትሄጂ ግን አብሮሽ ይሄዳል።»

እኔም በ2010 የሆንኩት ያው ነው! ሲኒየሬ ይዞት ይሄድ ነበር፤ እኔ ደግሞ የነሱን ይዤ እሄዳለሁ።

የዚያን ሰሞን ነገሩን ለአንድ የክፍሌ ልጅ አጫወትኩት። ልጁ ዘመናዊ ትምህርት ሳይገባ ቅኔ ቤት የነበረ ነው። «እኛ ዘንድ እኮ» አለኝ፣ «የኔታ ብቻቸውን ሁሉን አያስተምሩም። ንባብ ቤት ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስጠናል። ቅኔ ቤትም አስነጋሪ አለ። አስነጋሪው ቁጭ ብሎ ያንተን ቅኔ ይሰማል። አንተ ነህ የምትናገረው፤ እሱ ያርማል።» ቃሉን ልብ አልኩት። አስነጋሪ፦ የሚያናግር። እኔ ተናጋሪ ነበርኩ እንጂ አስነጋሪ አልነበርኩም።

በሚቀጥለው ጊዜ ጠመኔውን አልያዝኩም። ርዕሱ ሎጂክ ነበር፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሾች ሒሳብ የሚጀምረው ከዚያ ነው። «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ የመጀመሪያው ሐሰት ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ በጠቅላላ እውነት ይባላል። ይህ ብዙ ተማሪ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። የአርባ ምንጩ ልጅ «ከውሸት ተነስቶ እንዴት እውነት ይሆናል?» አለ። አፌ ላይ መልሱ ነበር። ዋጥኩት። «ማን ይሞክራል?» አልኩና ዝም አልኩ። ዝምታው ረዘመ። በልቤ እስከ አስር ቆጠርኩ። እጅግ ከባድ ነበር።

የመሐል ሜዳዋ ልጅ ከኋላ ቀስ ብላ ተናገረች። «አባቴ ‹ሎተሪ ከደረሰኝ በግ አርድልሻለሁ› ቢለኝ... ሎተሪው ደርሶት ባያርድ ዋሽቶኛል። ሎተሪው ካልደረሰውስ? ባያርድ ዋሸ አልለውም። ሎተሪው ሳይደርሰው ለፋሲካ ቢያርድም ዋሸ አልለውም። ቃሉን አፈረሰ የምለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።»

የአርባ ምንጩ ልጅ ከወንበሩ ተነሳ። ሄዶ ሰንጠረዡን ሰሌዳው ላይ ራሱ ሠራው። ከአራቱ መስመር ሐሰት የሚወጣው አንዱ ብቻ መሆኑን በጣቱ እያሳየ ለሶማሌዋ ልጅ በእንግሊዝኛ ነገራት። እሷም በተራዋ በራሷ ምሳሌ መልሳ አስረዳችው። እኔ ያንን ሰንጠረዥ ሁለት ጊዜ ሠርቼላቸው ነበር። በግ አላሰብኩም።

ኋላ ላይ ሳነብ ነገሩ በሌላም አገር በደንብ የተሠራበት መሆኑን አየሁ። አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ያለው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1973 ዲአና ማርቲን በምትባል ባለሙያ ሰፕልመንታል ኢንስትራክሽን የሚባል አሠራር ጀመረ። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ እንደገና ከፍሬሾቹ ጋር ክፍል ገብቶ ይቀመጣል፤ ኖት ይይዛል፤ ከክፍል ውጭ በየሳምንቱ ሰብስቦ ያወያያቸዋል። እንደገና ሌክቸር አይሰጥም። ከሁሉ የወደድኩት ግን አንድ ነገር ነው። ድጋፉ የሚሰጠው «ለደካማ ተማሪ» አይደለም፤ «ለከባድ ኮርስ» ነው። ኮርሱ ነው ከባድ የሚባለው። ስለዚህ የሚመጣ ሁሉ ሳያፍር ይመጣል። እኛም ከዚያ ወዲህ «የደከሙ ተማሪዎች ቲቶሪያል» የሚለውን አጠራር ጣልነው። «የሒሳብ ቅዳሜ» ነው የምንለው።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ያው አንድ ለአምስት አይደል?» ይለኛል። ስሙ ሲነሳ የብዙ ሰው ፊት እንደሚጠቁር አውቃለሁ። በኔ ጊዜ የማውቀው አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪ አደረጃጀት እንዲህ ነው፦ ለአምስት ተማሪ አንድ ጎበዝ ይሰየማል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ሪፖርት ይደረጋል። ጎበዙ ይሰለቻል፤ አምስቱ ይኮርጃሉ። እኛ ቅጽ የለንም። ጎበዝም አንሰይምም። ሰሌዳው ጋ የሚወጣው በየሳምንቱ ሌላ ሰው ነው።

አሠራራችን ቀላል ነው። ስድስት ወይም ሰባት ሰው፤ ከዚያ ከበዛ ዝምተኛው ይደበቃል። ወንበር በክብ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሁሉም ደብተር ዘግቶ የሳምንቱን ትምህርት ከጭንቅላቱ ብቻ በባዶ ወረቀት ይጽፋል። የጎደለው ቦታ እዚያው ላይ ይታየዋል፤ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም። ከዚያ ዎርክሺት (የመልመጃ ወረቀት)። አንድ ሰው ይሠራል፣ ሌላው «ለምን?» እያለ ይጠይቀዋል። ሲኒየሩ ሲጠየቅ ጥያቄውን ወደ ቡድኑ ይመልሳል። ማንም ካልቻለ ፍንጭ ይሰጣል። ቡድኑ በሙሉ ስህተት ተስማምቶ ሲሄድ ብቻ ነው «ቆይ» የሚለው። ይህም ያጋጥማል፤ ስድስት ፍሬሽ አንድ ላይ ሲሳሳት በጣም ይተማመናል። ሲኒየር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ያልገባውን አንድ ነገር ጽፎ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ ይጀምራል።

ቋንቋ ላይ መጀመሪያ ጥብቅ ነበርኩ። በእንግሊዝኛ ብቻ እል ነበር፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው ብዬ። ክፍሉ ድዳ ሆነ። አሁን በፈለጉት ቋንቋ ይከራከራሉ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በወላይትኛ። ሲስማሙ ግን የተስማሙበትን አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ደግሞ ይናገረዋል፣ ሁሉም ይጽፈዋል። አማርኛ የማይችል ልጅ ካለ ግን አብዛኛው አማርኛ ሲያወራ ብቻውን እንዳይቀር አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ይህን በአጋጣሚ አትተዉት፤ ተነጋገሩበት።

ሰዓቱን ከማታ ወደ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀየርነው። ምክንያቱን ልናገር። ሴቶች ማታ ይቀሩ ነበር። «ፍላጎት የላቸውም» ይባል ነበር፤ እኔ ሴት ሆኜ እንኳ ለጊዜው አምኜዋለሁ። አንዷን ስጠይቃት ከክፍሉ እስከ ዶርም ያለው መንገድ ጨለማ ነው አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር። ሰዓቱ በተቀየረ ሳምንት ሦስት አዲስ ሴቶች መጡ።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ፉክክሩ ነው። ዲፓርትመንት የሚደርሰው በአብዛኛው በፍሬሽማን ውጤት ስለሆነ ልጆቹ ይፈራራሉ። «ባስረዳው እሱ ሜዲስን ይገባል፣ እኔ እቀራለሁ» የሚል ልጅ በግልጽ ነግሮኛል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የቤተሰቡ ተስፋ ጫንቃው ላይ ነው። ስለ መረዳዳት አልሰበክሁትም። ለሁለት ሳምንት እንዲያስረዳ፣ ሳያስረዳ ካጠናው ምዕራፍ ጋር ራሱ እንዲያወዳድር ብቻ ለመንኩት። ያስረዳውን ምዕራፍ ሳይከልስ ፈተና መግባት እንደቻለ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ሁሉም ግን እንዲህ አያምንም። ያልፈለገውን አናስገድድም።

ቲቸር ቢሮ መሄድም እናለማምዳለን። ፍሬሽ የመምህር በር ማንኳኳት እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል። ሁለት ሆነው፣ ጥያቄውን በወረቀት ጽፈው፣ «ቲቸር፣ እስከዚህ ደርሰናል፤ ከዚህ በኋላ ጠፋን» ብለው ይገባሉ። እንዲህ ብሎ የገባን ተማሪ የመለሰ መምህር እስካሁን አላየሁም።

አንድ ልጅ አምልጦናል። ዝምተኛ ነበር፤ ሁለት ቅዳሜ ቀረ፤ ማንም አልሄደም። በሦስተኛው ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሄዷል ተባለ። ስልኩን እንኳ አልያዝንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው፤ አንዴ የቀረ ይደወልለታል፣ ሁለቴ የቀረ ዶርሙ ድረስ ይሄዱለታል። ስትሄዱ «ለምን ቀረህ?» አትበሉ። ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠይቁ። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ መኖር አስጠላኝ ካለ ግን ነገሩ ከናንተ አቅም በላይ ነው። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ክሊኒክና የተማሪ አማካሪ ዘንድ አብራችሁት ሂዱ።

የ2012 ቡድናችን ዓመቱን አልጨረሰም። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ሁላችንም ወደየቤታችን ተበተንን። በቴሌግራም ልንቀጥል ሞከርን። ስማርት ስልክ ያገኙት፣ የራሳቸውም ይሁን የሰው፣ አራት ብቻ ነበሩ። የመሐል ሜዳዋ ልጅ በወንድሟ ስልክ ማታ ማታ ድምፅ እየቀዳች ትልክ ነበር፤ አንድ ጥያቄ ሠርታ ታስረዳለች፣ ከኋላ በግ ሲጮህ ይሰማል። የቀሩት ሦስቱን ለወራት አጣናቸው። ስለዚህ አሁን ሁሉንም ነገር ስልክ ላይ አናደርግም። ዎርክሺቱን በወረቀት እናባዛለን፤ የፎቶ ኮፒውን ገንዘብ ሲኒየሮቹ ያዋጣሉ፣ እኔም እጨምራለሁ።

ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ የፍሬሹን ጭንቀት ከምንጩ አየዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሪሚዲያል፣ ማለፊያ ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ በኩል አልፈው የሚገቡ ልጆች አሉ። እነሱ «እኔ መጀመሪያም ወድቄ ነው የገባሁት» የሚል ነገር ይዘው ይመጣሉ። ቡድን ስትመድቡ ለብቻ አትሰብስቧቸው። ቀላቅሏቸው። ሪሚዲያል የተማረ ልጅ አንድ ሰሚስተር ሙሉ ግቢ ውስጥ ከርሟል፤ ላይብረሪውን፣ ካፌውን፣ ዎርክሺት አሠራሩን ያውቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት አስጎብኚ እሱን አድርጉት። እኛ ዓምና ሞክረነዋል፤ ሁለት ልጆች በሦስት ቀን ውስጥ ሲለወጡ አይቻለሁ።

የዘንድሮ ተቀባዮች ባለፈው ቅዳሜ ተገናኝተን ነበር። አሥራ አንድ ሲኒየር መጥቷል። በእግር የሚዞርበትን መንገድ ሁለቴ ሄድንበት። «ዝም ብሎ እስከ አስር መቁጠር»ንም ተለማመድን፤ አብዛኛው ከአራት አላለፈም፣ ሌላ ቀን እንደገና እንሠራዋለን። ከተማ ውስጥ ካሉ ቤተሰቦች ስድስት ብርድ ልብስና ሁለት ባና ተሰብስቧል። ከደቡብ የሚነሱት ልጆች አዲስ አበባ አድረው ስለሚመጡ አንዳንዱ መናኸሪያ የሚደርሰው መሽቶ ነው። ከሲኒየሮቹ ሁለቱ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት እዚያ ይጠብቃሉ። ባናዎቹን እነሱ ይዘዋቸዋል።